እጄ የደበቀው ክብደት

ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁንም ግን ማታ ለፊዚካል ቴራፒ፣ የተጎዳን አካል በእንቅስቃሴና በልምምድ ለሚያክመው ሙያ፣ ፈቃድ ፈተናዬ ሳጠና «ጥቂት እገዛ» ከሚለው ሐረግ ስደርስ ንባቤን አቋርጬ እጆቼን እመለከታለሁ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ «ከወንበር ለመነሳት ጥቂት እገዛ ይበቃቸዋል» ብዬ የጻፍኩላቸውን እናት ልጃቸው ከተሽከርካሪ ወንበር ልታነሳቸው ሞከረችና አቃታት። እንደገና ሞከረች፤ እናትየው ከወንበሩ አራት ጣት ያህል ከፍ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ እንጂ ምንም አላለችም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘጠኝ ቀናት እኚያን እናት በቀን ብዙ ጊዜ ያስነሳኋቸው እኔ ነበርኩና፣ ልጃቸው ያጣችው ኃይል ከየት ይመጣ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከእጄ ነበር የሚመጣው።

ታሪኩን ስጽፍ የታካሚዋን ማንነት ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ፤ የሆስፒታሉንም ስም አልጠቅስም። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ስለ ራሴ ብጽፍ ይበቃል።

## ረዳት

የፊዚካል ቴራፒ ዶክትሬት ትምህርቴን ከመጀመሬ በፊት፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ አምስት ዓመት በነርሲንግ ረዳትነት ሠርቻለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ራሱ ባይሠራው እህቱ ወይም ጓደኛው ሠርተውታል። ሌሊቱን ሙሉ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት ማሻገር ነው። ሥራውን እወደው ነበር። እጄ ጠንካራ ነበር፤ አረጋውያኑም ከያዝኳቸው እንደማልጥላቸው ያውቁ ነበር። አንድን ሰው ሳያመው፣ ሳይደነግጥ፣ እስኪለምንም ሳይጠብቁት ከአልጋው ማንሳት ትልቅ ችሎታ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

ፊዚካል ቴራፒስቶችን በቅርብ ያየሁትም እዚያው ነው። እኔ በአንድ ደቂቃ የማነሳቸውን አዛውንት እነሱ ሩብ ሰዓት ሙሉ «እስቲ ደግመው ይሞክሩ» እያሉ ሲያለፏቸው ሳይ ቅር ይለኝ ነበር። ለምን ዝም ብለው አያነሷቸውም? ይህን ጥያቄ መልስ ሳላገኝለት ነው ይዤው ትምህርት ቤት የገባሁት።

ልማር መወሰኔን አገር ቤት ላለችው አክስቴ በስልክ ስነግራት «ወጌሻ ለመሆን ሰባት ዓመት?» አለችኝ፤ አራቱን የመጀመሪያ ዲግሪና ሦስቱን የዶክትሬት ዓመታት ደምራ መሆኑ ነው። ወጌሻ ማለቷ አላስከፋኝም። በእኛ አገር አጥንቱ ለተሰበረና መገጣጠሚያው ለወለቀ ሰው ቀድሞ የሚደርሰው ወጌሻ ነው፤ በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ሻንጣ ይዞ የሚሮጠውንም ባለሙያ የምንጠራው በዚሁ ስም ነው። ጥያቄዋ ደግሞ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ይህን ሙያ በዶክትሬት ደረጃ ያስተምራል። በሰባቱ ዓመታት ውስጥ ወጌሻው የማያውቀው ምን ነገር እንዳለ ለአክስቴ በትክክል የምነግራት ነገር በዚያን ጊዜ አልነበረኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ዋሽንግተን ስንወርድ በስተቀኝ የምናልፈው ሰፊ ግቢ የቀድሞው ዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዚያ ለቅቆ ዛሬ ግቢው መኖሪያና መገበያያ ሆኗል። በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች ሜሪ ማክሚላን የምትባል ሴት «የመልሶ ማቋቋም ረዳት» ተብላ ሥራ የጀመረችው እዚያ ነበር። በ1921 የአሜሪካ ፊዚካል ቴራፒስቶች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። ሙያው ረዳት ከሚለው ስም ተነሥቶ በሰርተፍኬት፣ በዲግሪና በማስተርስ ካለፈ በኋላ፣ ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ በ1993 የጀመረው የዶክትሬት ትምህርት በ1996 የመጀመሪያ ምሩቃኑን አወጣ፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ዕውቅና ያላቸው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሙሉ አዲስ ፊዚካል ቴራፒስት የሚያስመርቁት በዶክትሬት ነው። በአውቶቡስ በዚያ ግቢ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ይህን ታሪክ የራሴ አድርጌ አስበው ነበር፤ እኔም የተነሳሁት ረዳት ከሚለው ስም ነውና። ስሙን ትቼ እጁን ግን ይዤው መግባቴን አላስተዋልኩም።

## የጭን ጡንቻ

ከመግቢያው በፊት የሚወሰዱት ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ስታትስቲክስ፣ በክሊኒክ ቁጭ ብሎ በመመልከት የሚሞላው ሰዓት፣ የማመልከቻው ወረቀት ሁሉ አድካሚ ቢሆንም በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የመጀመሪያው ዓመት የአናቶሚ ላብራቶሪ ግን አይታለፍም። በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ፣ ጓንቱን ሳላጠልቅ አማተብኩ። ገላቸውን ለትምህርት ከለገሱት ሰዎች መካከል ለእኛ ቡድን የደረሱት አንዲት አረጋዊት ነበሩ። ስማቸው አልተነገረንም፤ መምህራችን «የመጀመሪያ ታካሚያችሁ ናቸው» ብላ ስላስተዋወቀችን እኔ በልቤ ሁልጊዜ በአንቱታ አነጋግራቸው ነበር።

የጭናቸውን የፊት ጡንቻ፣ ኳድሪሴፕስ የሚባለውን፣ ለይተን ስናወጣ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ወፍሮ የሚታየው ሥጋ በእሳቸው ላይ ሳስቶ አገኘነው፤ መካከለኛው ክፍሉ ከሁለት ጣቴ ስፋት አይበልጥም ነበር። ሰውን ከተቀመጠበት የሚያነሳው በዋናነት ይህ ጡንቻና ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ናቸው። እኚህ እናት በመጨረሻ ዘመናቸው እንዴት ይነሱ ነበር ብዬ አሰብኩ። ማን ያነሳቸው ነበር? እንደኔ ያለ ጠንካራ እጅ ያለው ሰው ቶሎ ቶሎ ሲያነሳቸው ይሆን ጡንቻቸው ሥራ ፈትቶ እንዲህ የቀረው? ጥያቄው መጥቶብኝ ነበር፤ ግን ገፍቼ አልሄድኩበትም።

በዚያው ዓመት የጡንቻን ጉልበት ከ0 እስከ 5 መመዘን ተማርን። የመሬትን ስበት ብቻ አሸንፎ እግሩን ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ሰው 3 ያገኛል፤ የመርማሪውን እጅ ግፊት መቋቋም ሲጀምር ወደ 4 ይወጣል። የእገዛ ደረጃዎችንም ተማርን። ታካሚው ከሥራው ሦስት አራተኛና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ራሱ ከሠራ ጥቂት እገዛ፣ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ከሠራ መካከለኛ እገዛ፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ከሆነ ከፍተኛ እገዛ ይባላል። ይህን በክፍል ፈተና ተጠይቄ ተሳስቼ አላውቅም። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፤ እኔ መማሩን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

## «ዛሬስ ቀለለኝ»

በትምህርቱ ውስጥ ቢያንስ 30 ሳምንት የሙሉ ጊዜ የክሊኒክ ልምምድ አለ። ከዚያ አንዱን ክፍል የሠራሁት ታካሚዎች ተኝተው በሚታከሙበት የማገገሚያ ክፍል ነው፤ እዚያ አንድ ታካሚ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ቴራፒ ይሠራል። እኚያ እናት፣ እማማ የምላቸው፣ የመጡት በቀኝ የአንጎል ክፍላቸው ስትሮክ ከደረሰባቸው በኋላ ነው። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ደክመዋል፤ የግራ ጭናቸው ጡንቻ 3 እንኳ አይሞላም ነበር። አሠልጣኜ አማርኛ መናገሬን ስለምታውቅ ለእኔ ሰጠችኝ።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ?» ስላቸው በደህናው እጃቸው እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ምን መሥራት መቻል እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው፤ ዕቅዱ የሚነደፈው ከዚህ መልስ ተነሥቶ ነው። «በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ቡና ማፍላት» አሉኝ። ይህን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ ሆኖም በርጩማው ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆነ ሳልጠይቅ አለፍኩ። መቀመጫ ዝቅ ባለ ቁጥር ጉልበት የበለጠ ስለሚታጠፍ መነሳቱ በጣም እየከበደ እንደሚሄድ እያወቅሁ ማለት ነው።

አሁን ሳስበው ስህተቱ ከቋንቋው የጀመረ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ለታካሚ የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ቴራፒስቱ «ተነስ» ብሎ ይጠብቃል፣ ማንም አይቀየምም። እኔ ግን ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ፊት ቆሜ «ይነሱ» ካልኩ በኋላ ሲቸገሩ ማየት አልሆነልኝም። አፌ የሚለው «እስቲ እንነሳ» ነበር። «እንነሳ» ስል ደግሞ እጄ አብሮ ይነሳል። ወገባቸው ላይ የታሰረውን የመደገፊያ ቀበቶ ከሥር ይዤ፣ ገና ከመቀመጫው ሳይላቀቁ ወደ ላይ እስበው ነበር። ይህንንም ሳደርግ አይታወቀኝም፤ አምስት ዓመት የለመደ ክንድ ከባለቤቱ ፈቃድ አይጠይቅም። አጠገቤ የቆመችው አሠልጣኜም ቢሆን የምታየው ቀጥ ብለው ሲነሱ ነው እንጂ ጡንቻዬ ምን ያህል እንደተወጠረ ከውጭ አይታይም። «ስንት እጁን አንተ ትሠራለህ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ሩብ አይሞላም» አልኳት። የዋሸሁ አልመሰለኝም።

በአምስተኛው ቀን እማማ ከተነሱ በኋላ ፈገግ ብለው «ዛሬስ ቀለለኝ፤ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ደስ አለኝ። በመዝገቡ ላይ መሻሻል ብዬ ጻፍኩት፤ የእገዛውንም ደረጃ ከመካከለኛ ወደ ጥቂት ቀየርኩ። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ዓርብ ወደ ቤት እንዲሄዱ ተወሰነ፤ ቀን ቀን ከእሳቸው ጋር የምትውለው ልጃቸውም እንዴት እንደምታግዛቸው ለመለማመድ ማክሰኞ መጣች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ ያሰርኩት ሁሉ በዚያ ከሰዓት በኋላ ተፈታ።

## ሚዛኑ

አሠልጣኜ ልጅቷ ፊት ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጠፍጣፋ የቤት ሚዛኖች አምጥታ ከእማማ እግሮች ሥር አንድ አንድ አስቀመጠች፤ እሷ በአንድ በኩል፣ ሌላ ቴራፒስት በሌላው በኩል ለጥንቃቄ ቆሙ። ለእኔ «እንደ ወትሮው አስነሳቸው» አለችኝ። እማማ 62 ኪሎ ይመዝናሉ። ከመቀመጫው ተላቅቀው አየር ላይ ባሉባት ቅጽበት ሚዛኖቹ ያሳዩት በቀኝ 24፣ በግራ 10 ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 34 ነው። አሠልጣኜ ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ጽፋ አቀበለችኝና መቀነሱን ለእኔ ተወችልኝ።

28 ኪሎ በእጄ ላይ ነበር። ጥቂት እገዛ ቢሆን ኖሮ ከእኔ መውጣት የነበረበት ቢበዛ 15 ኪሎ ተኩል ነው። የሦስት ዓመት ትምህርት፣ በብድር የተከፈለ ገንዘብ፣ በልቤ የያዝኩት የዶክተርነት ማዕረግ ሁሉ አጠገቤ እያሉ፣ እጄ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ አላውቅም ነበር። የነርሲንግ ረዳት ሳለሁ ይህን ማወቅ አይጠበቅብኝም ነበር፤ ሥራዬ ሰውየው ወደ ወንበሩ እንዲደርስ ማድረግ ነው። አሁን ግን የምጽፈው ቁጥር ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን የሚሸከመው ሸክም ይሆናል። ያቺ ልጅ ዓርብ ማታ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ያ የጎደለው ክብደት ወለሉ ላይ ይጥላቸው ነበር። አክስቴ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመርኩት ከዚህ ይመስለኛል። ለአንድ ሰው ስለ ገላው እውነቱን መንገር መቻል፣ ለተናገሩትም መጠየቅ፤ ሰባቱ ዓመት የሚከፈልበት ነገር ይህ ነው።

መዝገቡን አረምኩ። ቡድኑ ተሰብስቦ መውጫቸውን በአንድ ሳምንት አራዘመው። ከሁሉ የከበደኝ ለእማማ መንገር ነበር። አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ተሳስቼ ነበር፤ ሲነሱ ግማሽ ያህሉን የማነሳው እኔ ነበርኩ» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«ቀለለኝ ያልኩህ ለዚህ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«እኔ እኮ የዳንኩ መስሎኝ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እስከ ዛሬ የሚከተለኝ ይህ ቃል ነው። ያገዝኳቸው በፍቅር ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እጄ ከእሳቸው ላይ የወሰደው ድካሙን ብቻ አይደለም። የራሳቸው እግር ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል የማወቅ መብታቸውንም ወስዶባቸዋል። በእኛ ቤት ሰው ሲታመም «አይነሱ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ» ማለት የአክብሮት መጀመሪያ ነው፤ ይህን ልማድ ልነቅፍ አልነሳሁም፣ ያደግሁበት ነውና። ልጃቸው «እናቴ ስትቸገር እጄን አጣጥፌ ልያት?» ብላ ስትጠይቀኝም ጥያቄዋ የራሴው ጥያቄ ነበር። የሰጠኋት መልስ እጅዎን ያጣጥፉ የሚል አልነበረም። እጇን ከእናቷ ወገብ ጀርባ፣ ሳይነካ ግን ለመያዝ ዝግጁ አድርጋ እንድትዘረጋው አሳየኋት። ያ እጅ ከሚያነሳው እጅ በላይ ይደክማል።

## ሁለት ስንዝር ከጋት

በቀረው ሳምንት ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርነው። ከፍና ዝቅ የሚለውን የልምምድ አልጋ ከወለሉ 56 ሴንቲ ሜትር ላይ አደረግነው፤ እማማ በትንሽ እገዛ በእርግጥ መነሳት የቻሉት ከዚያ ከፍታ ነበር። ወደ አልጋው ጠርዝ ይሳባሉ፣ እግራቸውን ከጉልበታቸው ወደ ኋላ ያስገባሉ፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣቶቻቸው በላይ እስኪሆን ድረስ ያጎነብሳሉ፣ ከዚያ ይነሳሉ። ከስትሮኩ የተነሳ ግራ እግራቸውን ስለሚረሱት በየጊዜው ጭናቸውን በእጃቸው እንዲነኩት አደርጋቸው ነበር። «እንነሳ» የሚለውን ቃል ተውኩት። «እማማ፣ ይነሱ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» ማለትን ለመድኩ። ቀበቶውን በሁለት ጣት ብቻ እየያዝኩ የራሴን ትንፋሽ እቆጥራለሁ። አንዳንድ ጊዜ ስድስት፣ ሰባት ትንፋሽ ድረስ ምንም አይሆንም። ከዚያ ጭናቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ያን መንቀጥቀጥ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘጠኝ ቀናት አንድ ጊዜም አላየሁትም ነበር።

አልጋውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ዝቅ እናደርገው ነበር። ሐሙስ ጠዋት፣ ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ 49 ላይ ደረስን። ልጃቸው ቤት ያለው ወንበር ከዚያ ዝቅ ስለሚል ጠንካራ ትራስ እንዲጨመርበት ተስማማን፤ የቤት ለቤት ቴራፒም ተያዘላቸው። እማማ ግን ቁጥሩን ሲሰሙ «በእኛ ስንት ነው?» አሉኝ። መልስ ሳላገኝ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ከወለሉ ጀምረው የአልጋውን ጎን መለካት ጀመሩ። ለመጀመሪያው ስንዝር ብዙ ማጎንበስ ነበረባቸው፤ እጄ ወደ ትከሻቸው ሄደና መንገድ ላይ አስቆምኩት። ሁለተኛውን ስንዝር ጨመሩ፤ ከዚያም አራት ጣታቸውን አጋድመው «ሁለት ስንዝር ከጋት» አሉ።

«በርጩማዎስ?» አልኳቸው። በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ነው።

«አንድ ስንዝር ተኩል» አሉ ሳያስቡ። ከዚያም እግራቸውን ወደ ኋላ አስገብተው ወደ አልጋው ጠርዝ መሳብ ጀመሩ።